አንጓች የያዘችው አደራ

ሻምበል ይገረሙ የጣሉት ቦምብ፣ ከተጣለ አርባ ዓመት ቢሆነውም፣ ገና መሬት አልደረሰም። ሙዚየሙ የተሠራው በዙሪያው ነው። ግድግዳው ላይ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን የበረሩ ሰዎች ፎቶግራፍ፣ የራስ ቁራቸውና የበረራ ልብሳቸው ተሰቅሏል። ቦምቡ አዳራሹ መሐል ያለ ገመድ ተንጠልጥሎ በየዓመቱ ጥቂት ይወርዳል። ሰኞ ሰኞ አንድ ጥበቃ መሰላል ላይ ወጥቶ ይለካዋል።

ከሥሩ አንጓች ተቀምጣለች። ቦምቡ ሲለቀቅ ገበያ ላይ ነበረች፤ አሁንም ገበያ ላይ ናት። እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ ጭኗ ላይ ይዛለች። ዶሮዋ የጎረቤቷ የደብሬ ናት። ደብሬ ጨው ገዝቼ እስክመጣ ያዥልኝ ብላት ሄዳ አልተመለሰችም። አንጓችን በጉልበት ሊያነሷት የሞከሩ ነበሩ፤ እንደ ምሰሶ ከበደቻቸው።

በመታሰቢያው ቀን ሻምበል ከልጃቸው ከኢየሩስ ጋር መጡ። ከአውሮፕላኑ ሦስት ሰዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ንግግር ተደረገላቸው፣ አበባ ተሰጣቸው። አበባውን ለኢየሩስ አቀብለው እንደ ልማዳቸው ወደ አንጓች ሄዱ። በጉብዝናቸው ጊዜ እትዬ ይሏት ነበር፤ ዘንድሮ ልጄ አሏት። ቦምቡ ከሻሿ በላይ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል በወጉ እንዳልቀመሱ ኢየሩስ ታውቃለች።

እንድትነሳ ለመኗት። አንጓች የሰው አደራ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ መልሳ ጠየቀቻቸው። እንግዲያው ዶሮዋን እሳቸው ይዘው እንደሚቀመጡ ነገሯት።

አንጓች በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። "ለእርስዎስ አልሰጥም፣ አባባ። እርስዎ የያዙትን ይለቃሉ።"



"ለእኔስ?" አለች ኢየሩስ።

አንጓች ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የእሳቸው።"

"ይሁን፤ አባቱን የሚመርጥ የለም። ዶሮ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

ኢየሩስ መጽሐፍ እንጂ ዶሮ ይዛ እንደማታውቅ አመነች። አንጓች ክንፏ እንዴት እንደሚያዝ አሳየቻት። ከዚያ ዋስ ጥሪ አለቻት፤ ደብሬ መጥታ ዶሮዋን ብታጣ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል።

ኢየሩስ ወደ አባቷ ዞረች። አርባ ዓመት የለመኑት ነገር አንድ ቃል ብቻ ቀርቶታል። ሻምበል ቦምቡን አዩ። አንጓችን አዩ። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ።

"ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ።

አንጓች ዶሮዋን ለኢየሩስ አስረክባ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ጉልበቷ መደንዘዙን ተናገረች፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አስጎብኚውን ጠይቃ ሄደች። ጎብኚዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ሻምበልም ደብሬን ፍለጋ ተከትለዋት ወጡ፤ እየሮጡ ነበር።

ኢየሩስ አንጓች የተነሳችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ለብ ያለ ነው።

ከዚያ ቦታ ቀና ሲሉ የአዳራሹ ጣሪያ አይታይም፤ የሚታየው ሰማይ ነው። አውሮፕላኑ እላይ አለ። ከሆዱ ሥር ባለው መስታወት አንድ ጎረምሳ በደረቱ ተኝቶ ቁልቁል ያያል። አፍንጫው የአባቷ ነው። ኢየሩስ ዶሮዋን በአንድ እጇ አጥብቃ ይዛ በሌላው አውለበለበችለት። ዓይኑ አልፏት ሄደና ተመለሰ። አላወቃትም። እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ካርታው ላይ እሷ ያለችበትን ቦታ ከበበ።