የአፖንዲ ሆድ

አማቴ ስለ ሆድ የማያውቁት ነገር የለም። ሰው ከነትሉ ይወለዳል፣ የበላነውን የሚፈጭልን እሱ ነው፣ እሱን የገደለ ወፍጮውን ሰበረ ይላሉ። እኛ የሐይቁ ዳር የሉዎ ጎሳ ሰዎች ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ የልጄ መምህር ኦኬች «ሐሙስ የትል ክኒን ይሰጣል» የሚል ወረቀት ሲልክ አልፈረምኩም።

ልጄ አፖንዲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሯ ቀጥኗል። ትምህርት ቤት እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ደርሳ ደግሞ ትተኛለች። ሁለተኛ ክፍልን ሁለቴ ደግማለች። እኔም እንደሷ ሆኜ ነው ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት፤ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ አሸዋ ላይ ኦሜና የምንለውን ትንንሽ ዓሣ አሰጣለሁ። እናቴም ይህንኑ ስታሰጣ ሞተች። አፖንዲም በኛው መንገድ ልትሄድ ነው እያልኩ ውስጥ ውስጡን እበግን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት «ዛሬ ትምህርት የለም፤ ዓሣውን ከወፍ ጠብቂ» ብያት የዓሣ ጀልባ ልቀበል ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ስመለስ ወፎቹ ዓሣዬን እየተቀራመቱ ነው፤ አፖንዲ የለችም። ነገሩ ገባኝና ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ።

«ዘገየሽ የአፖንዲ እናት፣ ክኒኑን ውጣዋለች» አለኝ መምህር ኦኬች።

«ማን ፈቀደላት?»

«እናቴ ልካኝ ነው አለችኛ!»

«ዋሽታ ነው!»

«አይ፣ ታዲያ በማን ወጣች?»

ለሱ መልስ አላጣም ነበር፤ ግን አፖንዲ ቀሚሴን ያዘች። «እማዬ፣ መተኛት ሰለቸኝ» አለችኝ። ቁጣዬን ትቼ እጇን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አማቴ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «በይ እንግዲህ፣ የምትበላው ሆዷ ውስጥ ሊበሰብስ ነው!» እኔም በፍርሃት አለቅሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ልጅቷ ከሽንት ቤት እየጮኸች ወጣች።

«እማዬ፣ ወጡ! ሰባት ናቸው!»

«ወፍጮዋ አለቀ» አሉ አማቴ።

ኡጋሊውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ከዓሣ ጋር አቀረብኩላት። በላች። እኔና አማቴ እንደ ዳኛ ፊቷ ተቀምጠን ሆዷን አየን። ምንም የለም። ማታም በላች፣ በማግስቱም በላች፣ ድገሙኝ አለች። አማቴ ባዶውን ሳህን ገልብጠው አዩት። «ማን ነው የሚፈጭላት ታዲያ?» አሉ።

ሁለት ወር ሆነ። አሁን ክፍል ውስጥ መተኛት ቀርቶ፣ መምህሩ «ጥያቄዋ በዛብኝ» ብሎ ስሞታ ልኮብኛል። ትናንት ከመጥበሻዬ ዓሣ ሰርቃ ስትሮጥ አርጩሜ ይዤ ተከተልኳት። ልጄን አባርሬ አላውቅም፤ የምትሮጥ ልጅ መች ነበረችኝ? መንገዱን አቋርጣ ትምህርት ቤቱ አጥር ደረሰች፣ አንዴም አልተቀመጠችም። እኔ መሃል ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አርጩሜዬን ጣልኩና እዚያው ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ይህችስ እንደኔ አትቀርም።

አማቴ በምርኩዛቸው ደረሱብኝ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ» አሉኝ። «ላንቺም ክኒኑን ይስጡሽ። ለኔም ጠይቂልኝ።»