በጉማው ሰሞን ያለፈ ይግባኝ

ማለዳ ማለዳ ጉሙ የገፈርሳን ውኃ ሲሸፍነው፣ ደጊቱ ባሏን ታየዋለች። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከጉሙ ይወጣል፤ የልጃቸውን የዱቤን ስም እየጠራ ወደ ቡራዩ መንገድ ይጀምራል። ውሻ ይጮህና ሁሉም ይበናል። ባሏ ደቻሳ ባልገደለው ሰው ታስሮ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል።

ይግባኝ ሳይል የቀረው ፈርቶ አይደለም። በተፈረደበት ሰሞን ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ ለጉማ፣ ለደም ካሣው እርቅ፣ ተቀምጠው ነበር። ይግባኝ ካልክ እርቁ ይፈርሳል፣ ከታረቅህ ግን መንግሥትም ይለቅሃል አሉት። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ያምን ነበርና፣ በበቀል እንዳይገደሉበት ለወንድሞቹ ነፍስ ሲል እሺ አለ። የሟች ዘመዶች ታረቁ፣ አብረው በሉ፤ የይግባኙም ቀን በዚያው አለፈ። መንግሥት ግን እርቁ ላይ አልተጠራም ነበር።

ዘንድሮ ኢተፋ የሚባል ጎረቤት ሊሞት ሲያጣጥር እነዚያኑ ሽማግሌዎች አስጠርቶ፣ ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። ደጊቱ እግሯ መሬት የረገጠ ሳይመስላት ሽማግሌዎቹን አስከትላ ፍርድ ቤት ደረሰች። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ አሥራት ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበር ሰጥተው፣ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል አሏት። እውነት ቢሆንም? እውነት ቢሆንም። ድምፃቸው ከውኃ ማዶ የሚመጣ መሰላት። የቀረው የንጉሥ ምሕረት ነው፤ ምሕረት የሚለምን ደግሞ አጥፍቻለሁ ማለት አለበት።

እሑድ ወህኒ ቤት ሄዳ፣ ከሽቦው ማዶ ለቆመው ባሏ ሁሉን ነገረችው። አጥፍቻለሁ በል ልትለው ነው የመጣችው፤ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ለራሷ ስታወራ ነበር።

ደቻሳ ወደ ሽቦው ተጠጋ።

«አንቺ አልገደለም ብለሽ ታምኛለሽ?» አላት።

«ከመጀመሪያውም፣ የዱቤ አባት።»

«እንግዲያው ይበቃኛል» አለ። ከዚያ ቃሉን ሊሞክረው ፈለገ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንገቱን ደፋ፤ «ገድያለሁ፤ ማሩኝ» አለ።

ደጊቱ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሳታስበው እጇን በሽቦው አሾልካ አፉን ከደነችው። ይኸው ሊመጣላት ነው፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዘበኛው ሰዓት አልቋል ብሎ ቢጣራም፣ እጇን ማንሳት አቃታት።