ሦስተኛዋ ደብዳቤ

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው አሻፈረኝ አለ። «ቦታ የለም፤ ማስቀመጥ አይቻልም» ይላል፤ እሺ ቢሉት ያንኑ፣ ተመለስ ቢሉት ያንኑ። ካላስቀመጠው ደግሞ የመጻሕፍት አራሚዋ ለወንድሟ ስትጽፍ ያረፈደችው ደብዳቤ ገደል መግባቱ ነው።

መሣሪያውን የገዛው ይኸው ወንድሟ ነው፤ ዓይናቸው ለጠፋ አባታቸው መጽሐፍ እንድታነብላቸው። መግዛቱን ገዛ፤ ማስታመሙ ግን ለእሷ ቀረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዓለሟ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነው። አሁን አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ሰጥቷት እስከ ነገ መልሷን ይጠብቃል። እሷ እንድትሄድ ወንድሟ መምጣት አለበት።

የመጻፊያውን ፕሮግራም ማኅደር ከፍታ የማይረባውን ትመነጥር ጀመር። የማታውቃቸው ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት፣ አንድም ቀን ያላየችው መመሪያ፣ የጌጥ ፊደላት፤ ሁሉንም አጠፋች። መሣሪያው አሁንም ጠበበኝ አለ። በዚህ ቤት ያልጠበበው ማን አለ፣ አለች በሆዷ።

ከታች ርእስ የሌላቸው ሰባት ፋይሎች ቀሩ። ሳያዩ ማጥፋት የአራሚ ወግ አይደለምና የመጀመሪያውን ከፈተች። ሥራውን የተማረችው አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው እየተከታተለ ሲያርም ነው፤ እስከ ዛሬም ድምፅ ሳታወጣ ማንበብም መጻፍም አይሆንላትም። አባቷ ቁርሳቸውን በልተው ተኝተዋል።

«ወንድሜ፣ አባባ ሸክም ሆነውብኛል። መጥተህ ተረከበኝ።»

ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛው ትንሽ ያጥራል እንጂ ያው ነው። በየዓመቱ ጽፋ ሳትልክ የተወቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ የዛሬውም ከእነሱ የተለየ ነገር የለውም። በራሷ በገነች። ሰባቱንም አንድ በአንድ አነበበች፣ አንድ በአንድ አጠፋች።

«ሦስተኛዋንም አጠፋሻት?» አሉ አባቷ ከአልጋው።

ክው አለች። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝተዋል ስትል ሲሰሟት ኖረዋል።

«የትኛዋን፣ አባባ?»

«ሸክም ያላልሽኝን።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «የዛሬዋም ላይ ያቺን ቃል አውጪና ላኪያት። ሂጂ ልጄ።»

«ሸክም» የሚለውን ቃል ከዛሬዋ ደብዳቤ አወጣች። መሣሪያው ያለ ክርክር «ተቀምጧል» አለ። ላክ የሚለውን ግን አልነካችውም፤ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ መጽሐፉን ትናንት ካቆሙበት ገጽ ታነብላቸው ጀመር።