በጸጥታ መሐል የተናገረ ስልክ

ሰፈሩም የሥራ ባልደረቦቹም «ጋሽ ሣሩ» ይሉታል። መጀመሪያ ለቀልድ ያወጡለት ነበር፤ እንደ ቀልድ ስም ሆኖ ቀረ። በጎልፍ ሜዳው ላይ ሣር ማጨድ የጀመረው ጢሙ ጥቁር ሳለ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያጭድ፣ ሲያጠጣ፣ ሲደለድል ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ዱላ ይዞ ኳስ መትቶ አያውቅም። ለምን ሲሉት፣ «እነሱ ይምቱ፤ እኔ የሚመቱበትን ላሳምር» ይላል።

ስልኩን የገዛችለት ልጁ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነገር ሲጓተት አትወድም፣ ለአባቷ ሲሆን ግን ትዕግሥቷ ማለቂያ የለውም። የድሮው ባለቁልፍ ስልኩ ሜዳ ላይ ወድቆ የማጨጃው ጎማ ሲወጣበት፣ ወዲያው አዲስ ይዛለት መጣች። ጋሽ ሣሩ ገለባብጦ አየውና፣ «ቁልፉ የታለ?» አላት።

«ቁልፍ የለውም አባዬ። በጣትህ ነው የምትነካው።»

«የኔ ጣት እኮ ብሎኬት ነው።»

እውነቱን ነው። አንዱን ሲነካ ሌላው ይከፈትበታል፤ ለሚስቱ ሊደውል ብሎ የራሱን ግንባር ፎቶ ያነሳል። ቢሆንም አንድ ነገር ወደደለት። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር አፕ ልጁ ጭናለት ነበር፤ ለሣር ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ነገር ከየት ይመጣል? ችግሩ አፑ የነፃ ስለሆነ ማስታወቂያው መከራ ነው። ደመናውን ሊያይ ሲል አንዲት ሴት ብቅ ትልና፣ ሳቋን እያንቆረቆረች ሳሙና ግዛ ትለዋለች። መዝጊያዋ ምልክት ከትንኝ አትበልጥም፤ ሊዘጋት ሲነካት ጭራሽ ሱቁ ይከፈታል።

«ይቺ ሴትዮ ግን ምን አድርጌያት ነው?» ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ሳሙናውን ግዛና ተገላገላት» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ሜዳው ትልቅ የባለሙያ ሴቶች ውድድር አስተናገደ። ሠራተኛው ሁሉ ወገቡ እስኪቆረጥ ሲዘጋጅ ከርሞ ስለነበር፣ በመጨረሻው ቀን ከተመልካቹ ገመድ ኋላ ቆሞ እንዲያይ ተፈቀደለት። ጋሽ ሣሩም የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ቆመ። ስልኩንም ልጁ እንዳሳየችው ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ስልኩ ግን ኪስ ውስጥ እንዳለ በገዛ ራሱ ጊዜ አፕዴት አድርጎ፣ ጠፍቶ በርቶ፣ ድምፁንም መልሶ ከፍቶት ነበር። ይህን እሱ በምን ይወቅ?

የመጨረሻዋ መቺ ሰው ሁሉ የሚወዳት ተጫዋች ነበረች። በወጣትነቷ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ስትደርብ የነበረች፣ ከዚያ ግን ለብዙ ዓመት አንድም ያላገኘች። ኳሷ ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ብትርቅ ነው። ካስገባች አሸነፈች፤ ከሳተች ከተከታይዋ ጋር እኩል ሆነው ሌላ ጉድጓድ ይጫወታሉ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ጋሽ ሣሩም ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጠፈ፤ ክንዱ ኪሱን ተጭኖት ይሆን ወይ ስልኩ ራሱ አምሮት፣ ያቺ የሚያውቃት ሴትዮ በዚያ ጸጥታ መሐል አፏን ከፈተች።

«እንኳን ደስ አለዎት! እድለኛው ተሸላሚ እርስዎ ነዎት!»

ኳሷ የጉድጓዱን ከንፈር ልሳ አለፈች።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ብዙ ሰው። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ወደ እሱ ሲዞር፣ ጋሽ ሣሩ ኪሱን በሁለት እጁ እንደ ተወጋ ሰው ይዞ ነበር። ስልኩን ለማፈን ሲታገል ሴትዮዋ ጭራሽ ደገመችው። ተጫዋቿ ቀና ብላ አንዴ አየችውና አቀረቀረች። በተጨማሪው ጉድጓድ ተሸነፈች።

ቪዲዮው ሳይመሽ ሀገር አዳረሰ። ሰው ኳስ ሲስት፣ ሙሽራ ሲደናቀፍ፣ ሹፌር ግድግዳ ሲገጭ፣ ሁሉም ላይ ያንን ድምፅ ይለጥፉበት ጀመር፤ መጨረሻ ላይ የጋሽ ሣሩ የደነገጠ ፊት ይመጣል። ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ባለሱቁ መልሱን እየሰጠው፣ «እንኳን ደስ አለዎት» አለው። ክፋት አልነበረበትም። ጋሽ ሣሩም ፈገግ አለለት፤ ዳቦውን ግን ባንኮኒው ላይ ረስቶት ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ደወለለት። «ማንም አላባረረህም ጋሽዬ። ጋዜጠኞቹ በር ላይ ስለቆሙ ነው። ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ ቤት ዕረፍ» አለው።

ቤት ማረፍ ግን ለእሱ ዕረፍት አይደለም። ከመስኮት ወንበር፣ ከወንበር መስኮት ይመላለሳል። ልጁ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳ ላይ ትተከላለች። አባቷን የሰደበ ሰው ሁሉ ጋ እየገባች መልስ ትጽፋለች፤ አንዱን ስታስተነፍስ አሥር ይበቅላሉ። ዓይኗ ቀላ፣ ምግብም አስጠላት።

«ምን ይላሉ?» አላት ጋሽ ሣሩ።

«ተወው አባዬ።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«‹ይሄ ሽማግሌ ዕድሜዋን በሙሉ የለፋችበትን ነው ያበላሸባት› ይላሉ።» ድምጿ ተሰበረ። «ስልኩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። አፑንም የጫንኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን አደረግህ?»

«ስንቱን መልሰሽ ትጨርሺዋለሽ? ነይ ብይ አሁን።»

አባባሉ የረጋ ነበር። ውስጡ ግን ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰንኮፍ ሆና ተቀመጠች። ሳቁን ይችለዋል፤ የሰው ልፋት አበላሸህ መባልን ግን አልቻለውም። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን ለበሰና ለሚስቱ፣ «ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አላት። ተጫዋቿ እስክትሄድ ድረስ ሜዳው ላይ እንደምትለማመድ ከጥበቃው ሰምቶ ነበር።

«ብታመናጭቅህስ?» አለች ሚስቱ።

«ትቆጣ። መብቷ ነው።»

ሚስቱ ኮሌታውን አስተካከለችለትና፣ «ስልኩን እዚሁ ተወው» አለችው።

ተጫዋቿ በመለማመጃው ዳር ብቻዋን ነበረች። ኳስ እየመታች አልነበረም፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ነበር። ጋሽ ሣሩ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያ ሰውዬ» አላት። «ስልኩ የኔ ነው። አጥፍቼው ነበር፤ ግን ያው ጮኸ። ያስቀረሁብዎትን ነገር አውቃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

 ሴትየዋ ተነሥታ አግዳሚውን አሳየችው። «ይቀመጡ ጋሼ። ቆመው አይሆንም።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ስልክዎ የጮኸው ከመታሁ በኋላ ነው» አለችው።

ጋሽ ሣሩ ዞሮ አያት። «ቪዲዮው ላይ ግን...»

«ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው እንዲያስቅ ብሎ ድምፁን ወደ ፊት ስቦታል። ሙሉውን ስርጭት የሚያይ ሰው ይገባዋል፤ ግን ማን ሙሉውን ያያል? ኳሷ ከዱላዬ ስትለቅ ነው መሳቷን ያወቅሁት።» እጇን ዘረጋችለት። ጣቶቿ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ይርገበገቡ ነበር። «ከጀመረኝ ቆይቷል። አጭሯ ምት ላይ ይብሳል። ለአሠልጣኜም አልተናገርኩም። ያን ቀን ጋዜጠኞቹ ሁሉ ስለ ስልኩ ሲጠይቁኝ፣ ስለ እጄ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ተመቸኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት።»

 ጋሽ ሣሩ ቢቆጣ ያምርበት ነበር፤ ልጁ ዓይኗ እስኪቀላ ስትታገል ያሳለፈችው ሁሉ ትዝ አለው። የተጫዋቿን እጅ ሲያይ ግን ቁጣው አልመጣ አለው።

«ልጄ ብዙ አልቅሳለች» አላት በመጨረሻ።

ሴትየዋ ባንገቷ ነቀነቀች። «እናገራለሁ» አለች።

«ለኔ ብለው አይደለም...»

«ለእርስዎም ነው፣ ለራሴም ነው። መደበቁም ደክሞኛል።»

 ከዚያ እንደ መገላገል ያለ ነገር ፊቷ ላይ ታየና፣ «እርስዎ ይጫወታሉ?» አለችው።

«ነክቼውም አላውቅ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን?»

ዱላዋን አንሥታ ሰጠችው። እምቢ ማለት አልሆነለትም። እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው፤ እግሩን አለያየ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ኳሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ከፊቷ ግን የሣር ቁራሽ ከነአፈሩ ተገንጥሎ በረረ። ጋሽ ሣሩ ዱላውን ጥሎ ሮጠ፣ ቁራሹን አንሥቶ ቦታው መለሰና ተንበርክኮ በመዳፉ ይጠቀጥቀው ጀመር። ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ምን አለችህ?»

«ኳስ አስመታችኝ።»

«ገባልህ?»

«አይ፣ መሬቱ ነው የተመታው።»

ተጫዋቿ ቃሏን ጠበቀች። ካሜራ ፊት ተቀምጣ ስለ እጇ ተናገረች፤ ስልኩ ምንም እንዳላደረጋት፣ ያንንም ቀን ሳትናገር በመቅረቷ የሜዳውን ሠራተኛ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ለሕክምናም ከውድድር እንደምታርፍ። ይህን ያየው ሰው ግን የመጀመሪያውን ካየው ጋር አይወዳደርም። ካዩትም አንዳንዱ፣ «ተከፍሏት ነው» አለ። ልጅቱ ይህን ስታነብ ጣቷ መልስ ሊጽፍ ሄደና ቆመ።

«አያምኑም አባዬ» አለችው።

«እኛ አምነናል አይደል? እሷም ታውቃለች፤ ይበቃል።»

ልጅቱ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ደፋችው። ያን ቀን ምግቧን አንሥታ በላች።

ጋሽ ሣሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፎ አልፎ ጎብኚዎች እያወቁት አብረን ፎቶ እንነሣ ይሉታል፤ እሱም ማጨጃውን አጥፍቶ ይነሣላቸዋል። ቀልዱም ቀስ በቀስ በሌላ ሰው ቀልድ ተተካ።

ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ጎልፍ ማየት ጀመረች። እሑድ እሑድ ውድድር ሲኖር አባቷ አጠገብ ትቀመጥና ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሳተ ትነግረዋለች። አንድ ጊዜ ሁለት ተጫዋቾች አንገት ለአንገት ተያይዘው፣ የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ጉድጓዱ ስትንከባለል ልጅቱ ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«አየህ አባዬ? አየሃት?»

ጋሽ ሣሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆየ።

«አየሁ እንጂ» አላት። «እዚያች ጥግ ላይ ውሃ አብዝተውባታል።»