ሰፊው ሌንስና የማድ ቤቱ መቃን

ሰፈሩ «ቀና በል» ይለኛል። ስሜ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ፎቶ ቤቴ ገብቶ ለጉርድ ፎቶ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ «ቀና በል! አገጭህን አውርድ! ደግሞ ምን ያስቅሃል?» እለዋለሁ። ትዕግሥት የለኝም፣ አልክድም። የተጣመመ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ይሄ ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ አናጢ ነበር። መሣሪያ ሳያስጠጋ፣ በዓይኑ ብቻ ጣውላው ቀና ይሁን ጎባጣ ስለሚለይ «ውኃ ልክ» ነበር የሚሉት።

ታዲያ የከዳው ያው ዓይኑ ነው። አንድ ቀን የገዛ ቤታችንን የማድ ቤት በር ሊገጥም መቃኑን ሲያቆም፣ እንጨቱ መሐሉ ላይ ጎብጦ ታየው። እንጨቱን ሰደበው። መላጊያውን አነሳና ቀና እስኪመስለው ድረስ ላገው። እናቴ ገብታ አየችና «ምን ነካህ? ቀናውን እንጨት ለምን ታጎብጠዋለህ?» አለችው። እንዲህ ነው የጀመረው። ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ ያኔ «ለልጆችም ሊተርፍ ይችላል፤ ቀና መስመር ጎብጦ ከታያችሁ ቶሎ ኑ» ብሎን ነበር። እኔ አሁን የያኔው የአባቴ ዕድሜ ላይ ነኝ።

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ለአዳራሹ ግድግዳ የሐይቁን ሙሉ ገጽታ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ አዘዘኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዕድሜ ልኬን ነጭ ጨርቅ ፊት የተቀመጠ ሰው ሳነሳ ኖሬ፣ «አገጭህን አውርድ» የማይባል ነገር ላነሳ ነው። ግን በእኔ ሌንስ ሐይቁ አይገባም፤ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ያስፈልጋል። ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወደ ካሜራ መሸጫው ሄድኩ።

ሻጩ ሁለት ሌንስ አቀረበልኝ። «ይሄ ሃያ አራት ሚሊ ሜትር ነው፣ ሰፋ ያለ። ይሄኛው ደግሞ አሥራ ስድስት፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፤ ሰማዩንም ምድሩንም ጠቅልሎ ነው የሚያስገባው። እስቲ ሞክሪያቸው፣ እህቴ» አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ስግብግብ አይደለሁ፣ መጀመሪያ ያነሳሁት በጣም ሰፊውን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን ሕንፃ አየሁበት። መንገዱም፣ ጣሪያውም፣ ሰማዩም ገባ። «ጉድ ነው!» አልኩ። ከዚያ ዳር ላይ ያለው ዓምድ ዓይኔ ገባ። ጎብጧል። በሌላው ዳር ያለውንም አየሁት፤ እሱም እንደ እርጉዝ ሆድ ወጣ ብሏል።

እንዴ፣ ሰፊ ሌንስ መስመር እንደሚያጎብጥ አልሰማሁም? ሰምቻለሁ። ግን ፍርሃት ሲገባ ዕውቀት ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ነው የሚወጣው። ሌንሱን አስረክቤ «ነገ እመለሳለሁ» አልኩ። ሻጩ «ቆይ እንጂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ሲለኝ እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ መሬት መሬቱን እያየሁ ሄድኩ። የመብራት ምሰሶ ቀና ብዬ ለማየት ወኔ አጣሁ፤ ሰውን ሁሉ ቀና በል ስል የኖርኩት ሴትዮ!

አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ኮቴዬን ሲሰማ ዘጋው።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ቦርሳውን እንዲህ አይወረውርም።»

እንባዬ ቀደመኝ። «አባዬ፣ ጀመረኝ። ያንተው ጀመረኝ። ዓምዱ ጎበጠብኝ።» የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እሱም ደነገጠ። ከዚያ ግን ጠየቀኝ።

«ካሜራውን አውርደሽ አየሽው?»

«እ?»

«ዓምዱን ነዋ! በባዶ ዓይንሽ አይተሽዋል?»

አላየሁትም። እግዜር ያሳያችሁ፣ አላየሁትም!

«በይ ተነሺ። ሐኪሙ እኔን እንዳደረገኝ፣ አንዱን ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍነሽ በር እዪ። ከዚያ ሌላውን።»

ዞር ስል ፊት ለፊቴ በር አለ። ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። መቃኑ መሐሉ ላይ ጎብጧል። «ወይኔ! አባዬ፣ ጎብጧል! አለቀልኝ!»

«የትኛው በር ነው?»

«የማድ ቤቱ!»

አባቴ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል። «አንቺ ጅል! እሱማ እኔ የላግኩት ነው! እንዲያውም ቀንቶ ቢታይሽ ነበር የሚያስፈራው። የመኝታ ቤቱን እዪ፤ እሱን በደህናው ጊዜ ነው የሠራሁት።»

የመኝታ ቤቱን አየሁ። በቀኝ ዓይኔ ቀና። በግራ ዓይኔም ቀና። መስኮቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ደጋግሜ አየሁ፤ ሁሉም ቀጥ ብሏል። እፎይ! ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

«ይገርማል» አለ አባቴ፣ ሳቁ ሲበርድለት። «እኔ ዓይኔ ሲታመም በእንጨቱ አመካኘሁ። አንቺ ደግሞ ሌንሱ ባጠፋ ዓይንሽን ከሰስሽ። ቢሆንም ሐኪም ቤት ሄደሽ ትታያለሽ።»

«አባዬ ሙት፣ እሄዳለሁ!»

«እኔን ለምን ትገድዪኛለሽ? ዝም ብለሽ ሂጂ።»

በማግስቱ ሻጩ ገና ሲያየኝ «ሰፊው ዳር ዳሩን እንደሚያጎብጥ ልነግርሽ ስል እኮ ነው ያመለጥሽኝ! ግን በኮምፒውተር ይቃናል» አለኝ።

«የጎበጠ ነገር ቤቴ አለኝ፣ ይበቃኛል» አልኩና ሃያ አራቱን ወሰድኩ። ለሐይቁ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብል ይገባልኛል።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያነሳሁት የማድ ቤቱን መቃን ነው። ምስሉን አጉልቼ ከራሱ ከመቃኑ ጋር አስተያየሁት።

«እህስ?» አለ አባቴ።

«ጎብጧል።»

«ሳይጨምር ሳይቀንስ?»

«ሳይጨምር ሳይቀንስ። ልክ እንዳበላሸኸው።»

ተነስቶ መጣና መቃኑን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰው። «እንግዲያው ሌንሱም ደህና ነው፣ አንቺም ደህና ነሽ» አለኝ። «በይ ሂጂና ሐይቅሽን አንሺ።»