ባለ ሁለት ወንበሯ አውሮፕላን

«እማዬ፣ ባዶ ወንበር እያለን ጥለነው የመጣነው ሰውዬ አሁን ምን እያለን ይሆን?»

ሚልክያስ ይህን ሲጠይቅ ሰባት ዓመቱ ነበር። በአጎቱ ፒክአፕ ከገበያ እየተመለሱ ነበር። ትርፌ ልጇን አየችው፤ ከዚያ ወንድሟን አየችውና «አዙረው» አለች። ወንድሟ እየተነጫነጨ አራት ኪሎ ሜትር ተመለሰ። ሰውየው እዚያው ቆሞ ነበር፤ ጫኑት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ባዶ ወንበር ይዞ መንገደኛ ማለፍና ትልቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ሆነ። ትርፌ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ለልጇ የምታስተምረው ይህንንና ጸሎቱን ብቻ ስለነበር፣ በደንብ አድርጋ አስተማረችው።

ሚልክያስ አድጎ የጥርስ ሐኪም ሆነ። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ገዛ። ብቻውን ይነሳል፤ ሁለት ሆኖ ይመለሳል።

አውሮፕላኗ ነጭ ናት። ክንፏ ከጣሪያዋ በላይ ነው፤ አንዱ ወንበር ከሌላው ኋላ ነው። የምታድረው ከከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ የሣር ሜዳ ላይ ነው። እዚያ እንደ ሚልክያስ ለደስታቸው ብቻ የሚበሩ ሰባት ሰዎች ማኅበር አላቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ሸራውን ይገልጣሉ፣ ክንፉን እንደ ፈረስ ጀርባ በእጃቸው ይደባብሳሉ፣ ነዳጁን በብርጭቆ ቀድተው ውሃ እንዳልገባበት ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ። ከዚያ ይነሳሉ፣ ሐይቁን ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። የሚሄዱበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ለትርፌ ያልገባት ይህ ነበር።

«የትም ካልሄድክ ለምን ትነሳለህ?»

«ወይ እማዬ! አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ገበያ ይመስልሻል።»

የመጀመሪያው ሰው የመጣው ጥቅምት ውስጥ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሚልክያስ አውሮፕላኗን አሳርፎ ሞተሩን ሲያጠፋ ከኋላ ወንበር ረዥም ካፖርት የለበሰ ሰው ወረደ። እሑድ እሑድ ለልጇ ቁርስ ይዛ ሜዳው ዳር የምትጠብቀውን ትርፌን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ትርፌ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳችለት፣ ዳቦም ቆረሰችለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለና ወደ አስፋልቱ መንገድ ሄደ። የሜዳው ጥግ አቧራ ነው። ሰውየው በአቧራው ላይ መቶ እርምጃ ያህል ሲሄድ ጫማው ላይ ምንም አልተቀመጠም።

በሩ ላይ ዘበኛው አቶ ሽበሺ አስቆመው። አቶ ሽበሺ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የመግቢያና የመውጫ ዓምድ ያለው መዝገብ ይዟል።

«ጌታዬ፣ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«አልገባሁም።»

«ታዲያ በየት ሊወጡ ነው?»

«በዚህ፣ ከፈቀዱልኝ።»

አቶ ሽበሺ ጥቂት አሰበ። የመግቢያውን ዓምድ ባዶ ተወና መውጫው ላይ «አራት ሰዓት ከሃያ» ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው እሑድ አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ መጣች። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጸጉር አስተካካይ፤ መቀሱ በደረት ኪሱ ነበር። የገና በዓል እስኪደርስ ስምንት ሰው ሆኑ። ትርፌ ልጇን ጠየቀችው።

«ከየት ነው የምታመጣቸው?»

«ከደመናው ዳር። ዳሩ ላይ ይቆሙና እጃቸውን ያወጣሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቀስ አደርጋለሁ። ክንፉን ወደ ደመናው ጠጋ ሳደርግ ብረቱን ይዘው ይገባሉ። ደቂቃም አይፈጅ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ከኋላዬ ያለው ወንበር ባዶ ነው እኮ፣ እማዬ።»

ትርፌ የፔርሙሱን ክዳን ጠበቅ አደረገች። በማግስቱ ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። እሳቸውም «የወረዱት ሰዎች ምን በደሉሽ?» አሏት። «ምንም አባቴ። ሻይ ይጠጣሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ።» አባ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እንግዲያ ቁርሱን አታጓድዪባቸው» አሉ በመጨረሻ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ግን ደብዳቤ ጻፈ። ያልገባን ሰው ማስወጣት ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር እንደሚጋጭ ይገልጻል። ሚልክያስ አነበበውና «ልክ ናቸው» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማኅበሩ ውስጥ ከሁሉም ብዙ የበረሩት ኮሎኔል ወንድይራድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሰባ ዓመት ሰው፣ ቢጫ አውሮፕላን ያላቸው። አንድ ቀን ትርፌን ለብቻዋ ጠርተው አነጋገሯት።

«እትዬ ትርፌ፣ ልጅዎን ይምከሩት። እኛም እናያቸዋለን። ግን አንቆምም። አንዴ ከቆሙላቸው የሞተርዎን ድምፅ ይለያሉ።»

«እያዩ ያልፋሉ ማለት ነው?»

«ፊት ፊቴን እያየሁ አልፋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያለፍኩት፤ ይኸው በሕይወት አለሁ።»

ትርፌ ለኮሎኔሉ አዘነችላቸው። ለልጇ ግን ምንም አልተናገረችም።

የካቲት ላይ ሚልክያስ አንድ እሑድ ብቻውን ተመለሰ። ትርፌ የቀዳችውን ሻይ ይዛ ቆመች።

«ዛሬ ማንም የለም?»

«አሉ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሽማግሌና ባልቴት። አንድ ሰው ነው የምችለው አልኳቸው። አንለያይም አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ሳምንት እንጠብቅሃለን አሉኝ።»

ትርፌ የሻዩን ብርጭቆ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ወንበሩ ሁለት ነው። የፊተኛው የልጇ ነው፣ የኋላው ባዶ ነው። ልጇን ታውቀዋለች፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ አይችልም፤ እግሩ በራሱ ይነሳል። በታክሲ ውስጥ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በሐኪም ቤት ሰልፍ እንዲያ ነው። እንዲያ እንዲሆን ያደረገችውም እሷ ናት።

«ሚሊ፣ እነዚህን እለፋቸው» አለችው።

ሚልክያስ ሳቀ። እንዳልቀለደች ሲያይ ሳቁን ተወ።

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ። በሐይቁ በኩል እነሳለሁ። እዚያ ደመና አይኖርም።»

«ማልልኝ አልልህም። ንገረኝ ብቻ።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ እማዬ።»

ሳምንቱ አለፈ። እሑድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚልክያስ በሐይቁ በኩል ተነሳ። ትርፌ ቀና ብላ አየች፤ እውነትም በሐይቁ በኩል ደመና አልነበረም። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀይ ከረጢት ነፋስ አጥቶ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ነጯ አውሮፕላን እያነሰች ሄዳ ጠፋች። አራት ሰዓት ላይ ከሐይቁ መሀል አንዲት ትንሽ ደመና ብቻዋን ተነሳች፤ የአንድ ጎጆ ስፋት ብቻ ነበራት።

አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አውሮፕላኗ ተመለሰች። ሳትነጥር፣ ሳትወላገድ አረፈች። ኮሎኔሉ «ጥሩ አሳረፈ» አሉ። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ከኋላው ወንበር ባልቴቷ ወረዱ፤ የታጠፈ ጃንጥላ ይዘዋል። ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰጥተው ደገፏቸው።

ትርፌ ፔርሙሱን እንደያዘች ወደ እነሱ ሄደች።

«ልጄስ?»

«የተባረከ ልጅ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አይሆንም ብለነው ነበር። ‹እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም› አለ። መሪው እንዴት እንደሚያዝ ለእኔ አሳየኝና ወረደ።»

«እናቱ ናት እንዲህ አድርጋ ያሳደገችው» አሉ ባልቴቷ። «ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ» አለች ትርፌ።

«ሳሚልን እስቲ» አሉ ባልቴቷ።

ትርፌ ሻይ ቀዳችላቸው። ጠጡ፣ መረቁ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ አስፋልቱ ሄዱ። አቶ ሽበሺ ሁለቱን መውጫው ላይ ጻፋቸው። ከዚያ መዝገቡን ይዞ ወደ ትርፌ መጣ።

«እትዬ፣ የዶክተር ስም ጠዋት መግቢያው ላይ አለ። መውጫው ላይ ምን ልበል?»

«ተወው ልጄ። ክፍት ይሁን።»

ኮሎኔሉ በቢጫዋ አውሮፕላን ወጥተው ተመለሱ። ከወረዱ በኋላ የዓይን መነጽራቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጉ።

«አየሁት። ደህና ነው፣ ቆሟል።»

«እጁን አላወጣም?»

«አላወጣም። ከፊቱ ሌሎች አሉ።»

«ስንት?»

«አልቆጠርኩም። መቁጠር የጀመረ ሰው ይቆማል።»

«እኔን ይውሰዱኝ።»

«እትዬ ትርፌ፣ የእኔም ወንበር ሁለት ነው። እኔና እርስዎ ከተቀመጥን እሱ የት ይቀመጣል?»

ኮሎኔሉ ራሳቸው ደግሞ ለማንም አይቆሙም፤ ስለዚህ ብቻዋን መሄድ ነበረባት። ሚልክያስ የነጯን አውሮፕላን መሪ ስድስት ጊዜ አስይዟት ያውቃል። የቀረውን ኮሎኔሉ አስተማሯት። ከማኅበሩ ቢሮ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ሣሩ ላይ አንዱን ከሌላው ኋላ አደረጉ፤ መሪው የመጥረጊያ እጀታ ነበር። ትርፌ ከፊት ተቀመጠች፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው «ሳብ፣ ሳብ፣ ልቀቂው፣ አይዞሽ» ይሏታል። ሲያስተምሩ አንቺ ማለት እንደጀመሩ ሁለቱም አላስተዋሉም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተነስታ ሠላሳ አንድ ጊዜ አረፈች። ወንበሩ ሁለቴ ብቻ ነው የተገለበጠው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ ኮሎኔሉ ሲለያዩ። «ልጅሽን የምታገኚው ሌሎቹን ካለፍሽ ነው። ፊት ፊትሽን እያየሽ።»

በማግስቱ ሰኞ ትርፌ ጸሎቷን አድርሳ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አስራ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ደረሰች። አቶ ሽበሺ መዘገባት። ክንፉን ደባበሰች። ነዳጁን ቀድታ ወደ ብርሃን አንስታ አየች፤ ንጹህ ነበር። ኮሎኔሉ ፕሮፔለሩን አዞሩላት። አማትባ ተነሳች።

ደመናዋ ሐይቁ ላይ ነበረች፤ አሁን ሰፍታለች። ሰዎቹ ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል። ከሁሉም ፊት አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው እጃቸውን አወጡ። ትርፌ ፊት ፊቷን እያየች አለፈቻቸው። ሕፃን ያዘለች ሴት እጇን አወጣች፤ አለፈቻት። የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ሰው አለ፣ ሁለት መነኮሳት አሉ፣ ጉልቻ የታቀፈች ልጅ አለች። ሁሉንም አለፈቻቸው። ስታልፋቸው እጃቸውን ያወርዳሉ እንጂ አይጮኹም።

ሚልክያስ በስተመጨረሻ ነበር። እጁን ወደ ኋላው አጣምሯል። ቀስ አደረገችና ክንፉን አስጠጋች።

«ግባ።»

«እማዬ! ብቻሽን ነው?»

«ግባ፣ ሚሊ።»

የኋላውን በር ከፈተ። ባዶውን ወንበር አየ። ከዚያ ሰልፉን አየ።

«እነዚህን ሁሉ አልፈሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እያየሻቸው?»

«ላለማየት ሞክሬ ነበር። አየኋቸው።»

ሚልክያስ አልተቆጣም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያዝን እንደሚያደርገው የታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ።

«እንግዲያው እኔንም እለፊኝ» አለና በሩን በቀስታ ዘጋላት።

ትርፌ ጎትታ ልታስገባው አሰበች፤ ግን ከእሷ በላይ ጠንካራ ነው። መሪውን ለቅቃ ልትወርድ አሰበች፤ ያኔ አውሮፕላኗን የሚይዝላቸው አይኖርም። ነዳጇን አየች። ዞረችና ወደ ሰልፉ መጀመሪያ ተመለሰች።

አሮጊቷ አሁንም ፊት ነበሩ። ከዘራቸውን አስቀድመው፣ ብረቱን ይዘው፣ እያቃሰቱ ገቡ። ቀዝቃዛ እጃቸውን ትርፌ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«እንደምትመለሺ አውቅ ነበር» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። ከልጄ በፊት ስንት ናችሁ?»

«ከልጅሽ በፊት? ወደ አርባ እንሆናለን» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ሰልፉን አዩ። «ነበርን።»

ትርፌ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ሣሩ ሜዳ መለሰች፤ ዞራም አየች። ከደመናው ማዶ በኩል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ መጀመሪያ ራሳቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ወገባቸው እየታየ ሰዎች ይመጣሉ። ሚልክያስ ለሚመጣው ሁሉ ጎንበስ ብሎ በእጁ ከፊቱ ያለውን ቦታ ያሳያል። አንዱ ሲያልፈው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከዚያ ሌላ አንድ።