ጋሽ አራት ሜትር

የመዋኛ ገንዳው ጥልቀት አራት ሜትር ነበር፤ ሰውየው ጋሽ አራት ሜትር የተባሉትም በዚሁ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣው ከዘንድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ ሲሆን፣ ያወጣውም ለፌዝ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «አራቱን ሜትር በወጉ ያልቻለ አርባውን አያይም» አሉና ስሙን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ሃያ ስድስት ዓመት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በዚያ ገንዳ ዳር ዋና አስተምረዋል። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅን። እሳቸውም የተማሩት ከእሳት አደጋ ጠላቂዎች ነው፣ ያውም በዚሁ ገንዳ። ከእጃቸው የወጣው ጠላቂ ሰባ ሦስት ደርሷል፤ ቁጥሩን የሚጠይቃቸው ባይኖርም ይናገሩታል። «እርስዎስ የት የት ባሕር ጠለቁ?» ያላቸው ሰው ሲገኝ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ወሬ ይቀይራሉ። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁማ!

የዘንድሮዎቹ ስድስት ተማሪዎች ይህንን ጉዳይ ሊዘጉት ተማከሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የገንዳው ጽዳት ሠራተኞች ሳይቀሩ ያወቁትን ወሬ የሰሙት እሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ትኬቱን እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ባሕር ማዶ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ስድስት ቀን፣ ሰባቱም አብረው። ጋሽ አራት ሜትር ትኬቱን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት፣ ከዚያ ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ። ውሃ ነው ያሉት ውሃ አልነበረም።

ጊዜውም ሌላ ጊዜ የሌለው ጊዜ ነበር። የጆሮ ሐኪማቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ «ዘንድሮ ይጥለቁ፤ ለከርሞ ግን ግራ ጆሮዎ አይችልም፣ እኔም አልፈርምም።»

ጉዞው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው በሽታው ከተማው ገባ። መጀመሪያ የሬዲዮ ወሬ ነበር። ቀጥሎ ታክሲው ውስጥ ማስክ ያላደረገ ሰው በክፉ ዓይን ይታይ ጀመር፤ ከዚያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ በዝምታዋ ምክንያት ጭምቷ የሚሏት፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የበሽተኞች ናሙና ስትከፍት ነው የከረመችው። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ገና አልተዘጋም ነበር። ጋሽ አራት ሜትርም «አውሮፕላኑ እስከበረረ ድረስ እኛም እንበራለን» ብለው ድርቅ አሉ።

የደሴቱ ጀልባ ባለቤት መልእክት ላከ። «በሽታው እስካሁን እኛ ዘንድ አልደረሰም። ደሴቱ ላይ ያለችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። ደህና ከሆናችሁ ኑ። የሰባ ሦስት ጠላቂዎችን አስተማሪ ጀልባዬ ላይ ማሳፈር ለእኔ ክብር ነው።» ጋሽ አራት ሜትር የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ለባለቤታቸው ሦስት ጊዜ አነበቡላቸው።

«ከሱ በፊት ያለውንስ?» አሉ ሚስት።

«የቱን?»

«ደህና ከሆናችሁ የሚለውን ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ልጆቹን ጠይቃቸው።»

ጠየቋቸው። ስህተታቸውም እዚህ ላይ ነው። ስድስቱን ገንዳው ዳር አሰልፈው፣ አውራ ጣታቸውንና አመልካች ጣታቸውን አገናኝተው የጠላቂዎችን «ደህና?» አሳዩአቸው። ስድስት እጅ በስድስት ክብ «ደህና» ብሎ መለሰ። አስተማሪው ያንን ትኬት ይዘው ሲያለቅሱ ያየ ሰው፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሌላ ምን ይላቸዋል? «ሰው ደረቅ መሬት ላይ ይሉኝታ አለበት፤ እውነቱን የሚናገረው ውሃ ውስጥ አረፋው ነው» ብለው ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው ነበሩ። የዚያን ቀን ግን መስማት የፈለጉትን ሰምተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሌላም ያስተማሩት ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሕጋቸው ነው። ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ከተነሳ «እንውጣ» ማለት ነው። ማንም ያንሳው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ሁሉም ይወጣል። ለምን ብሎ የጠየቀ ለአንድ ወር የሁሉንም የመጥለቂያ ልብስ ያጥባል።

የመጨረሻው ልምምድ ቀን ደረሰ። ሰባቱም ወደ ታች የሚያወርዳቸውን የእርሳስ ክብደት ያለበት ቀበቶ ታጥቀው ገንዳው ወለል ላይ ክብ ሠርተው ተንበረከኩ። ጋሽ አራት ሜትር እንደ ልማዳቸው አረፋ ማንበብ ጀመሩ። ታክሲ ነጂው ላይ ሲሆን አፉ አያርፍም፣ ታች ሲወርድ ግን እንደ ሕፃን ነበር የሚተነፍሰው፤ ዛሬ አረፋው ይንጣጣል። አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። ወደ ጭምቷ ዞሩ። ከሰባ ሦስቱ ሁሉ እንደ እሷ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ የለም፤ ሌላው አየሩን ጨርሶ ሲወጣ የእሷ ሲሊንደር ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። ዛሬ አንዱ አረፋዋ ሌላውን እያሯሯጠ ነው የሚወጣው።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ጭምቷ አውራ ጣቷን አነሳች።

መነፅሯ ደህና ነው። አየሯ ደህና ነው። ውሃውም ሞቃት ነው። የሰረዘችው የገንዳውን ሳይሆን የባሕሩን ጥልቀት እንደሆነ ሰባቱም አወቁ።

ጋሽ አራት ሜትር «ለምን?» የሚለው ቃል ጥርሳቸው ድረስ መጣ። ለምን ዛሬ? ለምን በእኔ? ጆሮዬስ? ሃያ ስድስት ዓመቴስ? መልሱን አላጡትም፤ ልጅቷ ከበሽተኞች ናሙና ጋር መክረሟንም፣ በሽታውን ይዘውባት ቢሄዱ ያቺ አንዲት ነርስ እንደማትችለውም ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖባቸው ነው የከረሙት። ቢሆንም አንጀታቸው አረረ። አምስት መነፅር ወደ እሳቸው ዞረ። የጭምቷ አውራ ጣት አልታጠፈም።

ያኔ ነው ኩራቱ የመጣባቸው። ሕጋቸው እስከዛሬ የተፈተነው በቁርጥማትና ውሃ በገባበት መነፅር ነበር። አስተማሪው ከምንም በላይ የሚመኙትን ነገር ፊት ለፊታቸው «ይቅር» ያለ ተማሪ አልነበረም። ይህችን ልጅ ያስተማረ ማን ነው? እሳቸው ናቸው። አውራ ጣታቸውን አነሱ።

ያችን አራት ሜትር በደንቡ መሠረት ቀስ ብለው ወጧት።

ጭምቷ መተንፈሻውን ከአፏ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ማን ጠየቀሽ?» አሏት።

«እንዴ፣ ግን ለም...» አለ ታክሲ ነጂው፤ ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን አምልጦት ነበር።

«አንድ ወር!» አሉ ጋሽ አራት ሜትር። «ስድስት ልብስ፣ የእኔን ጨምሮ ሰባት። ጉዞው ቀርቷል። በሉ ሳይበርዳችሁ ልበሱ።»

ማታ ከሚስታቸው ጋር ለጀልባው ባለቤት የሚደርሰውን የመሰረዣ ቅጽ በስልክ ሞሉ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ።

«በሽታው በልና ጨርስ» አሉ ሚስት።

እሳቸው መነፅራቸውን አስተካክለው «አውራ ጣት ተነስቷል» ብለው ጻፉ። ከሥሩም ስማቸውን አኖሩ፦ ጋሽ አራት ሜትር።

በማግስቱ ታክሲ ነጂው ቅጣቱን ሊጀምር ሲመጣ ሰውየው እጅጌያቸውን ሰብስበው አራተኛውን ልብስ እያጠቡ አገኛቸው።

«ኧረ ጋሼ! ቅጣቱ የእኔ አይደለም እንዴ?»

«እኔም ጠይቄያለሁ።»

«መቼ? አልሰማንም!»

«እታች። በሆዴ።» ይህንንም ሰባ ሦስትን በሚናገሩበት የኩራት ድምፅ ነው የተናገሩት። «ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ፤ እንጭመቀው።»

ልብሱን ግራና ቀኝ ይዘው ሲጠመዝዙት ስልካቸው ጮኸ። እጃቸው እርጥብ ስለነበር ታክሲ ነጂው አነበበላቸው። የጀልባው ባለቤት ነው። ስንቱ ሰው ምን ሆናችሁ፣ እንዴት፣ ለምን ብሎ በሚጨቀጭቅበት ሰሞን፣ ያ ባሕር ላይ ያረጀ ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

«አውራ ጣቱን አየሁት። እኛም ወጥተናል» ይላል መልእክቱ።

«አንብበው እስቲ ደግመህ» አሉ ጋሽ አራት ሜትር፤ ደህናውን ጆሯቸውንም ወደ እሱ አዞሩ።